የሐሙሱ ተሳፋሪ

በዚያ የጥቅምት ሐሙስ ኢልታሩስኮ የምትባለው መርከብ ከቱርኩ ወደብ ስትላቀቅ ገና ለሦስት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ነበር። ፀሐይ ከደሴቶቹ ጀርባ በቅጡ ብቅ አላለችም። የመርከቧ ቡና ቤት ግን ከሞቀ ቆይቷል። አኮርዲዮኑ ይንጫጫል፤ የልብስ ስፌት ማኅበር ሴቶች እጅ ለእጅ ተያይዘው ይጨፍራሉ፤ አንድ ሆዱ የገፋ ፔንቲ የሚባል ሰውዬ ጫማውን አውልቆ ጠረጴዛ ላይ ለመውጣት ሁለተኛ ሙከራውን ጀምሯል።

«ውረድ እንጂ ወንድሜ!» አለችው አይላ፣ ስድስት ብርጭቆ ቢራ የተደረደረበትን ትሪ በአንድ እጇ እንደያዘች። «ገና ከወደቡ ሳንርቅ?»

«አገባሃለሁ በይኝና እወርዳለሁ!»

«ለዛሬ ሁለተኛው ነህ። ተራህን ጠብቅ!»

ቡና ቤቱ በሳቅ አውካካ። ፔንቲም አጠገቡ ያገኘውን ሰው አንገት አቅፎ፣ እንባውን እያፈሰሰ ወረደ።

በእኛ አገር ሰው ሐሙስ ጠዋት መርከብ የሚሳፈረው የሚሄድበት ኖሮት አይደለም። መርከቧ ኦላንድ ደሴት ደርሳ ማታ ትመለሳለች፤ ከቀረጥ ነፃ የሆነ መጠጥ እስከዚያ ድረስ ይወርዳል። አይላ በዚህ ሥራ አራት ዓመቷ ነው። ማን እንደሚዘፍን፣ ማን እንደሚያለቅስ፣ ማን ቡጢ እንደሚሰነዝር፣ ማን የሥጋ ድብልብሉ ሳህን ውስጥ በግንባሩ ተደፍቶ እንደሚተኛ ከመጀመሪያው ብርጭቆ ታውቃለች። የወደብ ሠራተኛ ልጅ ናት። አባቷን የገደለው መጠጥ ነው። እንዴት እንደሞተ ግን ለማንም ተናግራ አታውቅም።

በመስኮቱ በኩል ያለው ትንሽ ጠረጴዛ ላይ ዓይኗን ላለመጣል እየታገለች ትሪዋን አራገፈች። አልቻለችም። ቶርስተን እዚያው ነበር። እንደ ሁልጊዜው አንድ ብርጭቆ ቢራ ፊቱ አስቀምጧል፤ እንደ ሁልጊዜውም አልነካውም። ቀና ብሎ አያት። ልቧን ደስ አለው። ደስ ስላላት ደግሞ በራሷ ተናደደች።

*

የተዋወቁት በነሐሴ ነው። አንድ የሰከረ ሰው የእጇን አንጓ ጨብጦ አልለቅም ብሎ ሲያስቸግራት ቶርስተን ከመስኮቱ ተነስቶ መጣ። አልጮኸም፣ አልገፈተረም። የሰውየውን ትከሻ በቀስታ ይዞ፣ «ና ጋሼ፣ ነፋስ እንቀበል» አለውና እንደ ሕፃን እየመራ ወሰደው። ሲመለስ አይላ፣ «እግዜር ይስጥልኝ። የለመዱበት ይመስላል» አለችው።

«ለምጄዋለሁ» አለ፣ ፈገግታው ሳይሞላ።

ከተሳፋሪ ጋር መቀመጥ ለአስተናጋጅ ክልክል ነው። ስለዚህ ቶርስተን ደብዳቤ ጀመረ። በየሳምንቱ ማክሰኞ ከወደቡ ቢሮ ትቀበለዋለች። በመጀመሪያው «እርስዎ» ይላታል፣ በሦስተኛው «አንቺ»። «ትናንት ሦስት ጊዜ በአጠገቤ አለፍሽ» ብሎ ጻፈላት አንድ ጊዜ። «በሦስተኛው ፀጉርሽ ከመያዣው አምልጦ ነበር። ሐሙስን እንደዚህ እወደዋለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም። ለእኔ ሐሙስ የሳምንቱ ክፉ ቀን ነበር።» ሐሙስ ክፉ ቀን የሆነበትን ምክንያት ግን አይጽፍም። ከደብዳቤው ግርጌ የአባቱ ስም የለም፤ አድራሻው የፖስታ ሣጥን ቁጥር ብቻ ነው።

አይላም መለሰችለት። ስለ ባሕሩ፣ ስለ ተሳፋሪዎቹ እብደት እየጻፈች ታስቀዋለች። አንድ ቀን ግን እጇ ሳታስበው፣ «ሰካራም ሰው በሕይወቴ ዳግመኛ አላስጠጋም። ወዳጁንም፣ ዘመዱንም» ብላ ጻፈች። ከዚያ በኋላ የመጣው ደብዳቤ በጣም አጭር ነበር።

እሁድ ከተማ ውስጥ እንገናኝ ብትለው «እሁድ አልችልም» አላት። ቅዳሜስ? «ቅዳሜም ይቸግረኛል።»

«የእኔ እናት፣ ይሄ ሰው አግብቷል» አለቻት ማይሬ፣ ሃያ ዓመት በመርከብ ላይ የኖረች የሥራ ጓደኛዋ፣ ብርጭቆ እየወለወለች። «ወይም ከዚያ የከፋ ነገር አለ። ስሙን የሚደብቅ ሰው ሌላ ነገር አይደብቅም?»

«ቀለበት የለውም።»

«ቀለበት ይወልቃል! እሺ እሱን ተይው። ቢራ ገዝቶ የማይጠጣ ሰው እዚህ መርከብ ላይ ምን ይሠራል? ዓሣ ሊያጠምድ ነው?»

አይላ ሳቀች። ጥያቄው ግን አብሯት ቀረ።

ነገሩ የባሰው የቦርሳው ነገር ሲመጣ ነው። ከመስከረም ጀምሮ የሰከሩ ተሳፋሪዎች ሲነቁ ቦርሳቸውን ያጡታል። የመርከቧ ጥበቃ ኃላፊ ኩስታ፣ አንገቱ እንደ ግንድ የወፈረ ሰው፣ አስተናጋጆቹን ሰብስቦ፣ «ሌባው አይጠጣም» አላቸው። «ሰካራም መሃል ሳይሰክር ከሚቀመጠው ላይ ዓይናችሁን እንዳትነቅሉ።»

ማይሬ ወደ አይላ አየች። አይላ መሬት መሬት አየች።

ከዚያ ቀን በኋላ ቶርስተንን ስታየው በሁለት ዓይን ሆነ፤ አንዱ ይናፍቀዋል፣ አንዱ ይሰልለዋል። ሰላዩ ዓይኗ ደግሞ ቀድሞ ያላየችውን አየ። ቶርስተን የሚቀመጠው ባሕሩን ለማየት አይደለም። ከዚያ መስኮት ምሰሶው ጀርባ ያለው ጠረጴዛ ይታያል። እዚያ ጠረጴዛ ደግሞ ሐሙስ ሐሙስ አንድ ሽማግሌ ይቀመጣሉ፤ ግራጫ ካፖርት፣ የተወለወለ ጫማ፣ ቀጥ ያለ ወገብ። ቮድካቸውን ማንንም ሳያናግሩ ይጠጣሉ። እንደ ሌላው አይዘፍኑም፣ አይሳደቡም። ዝም ብለው ይጠጡና ከኦላንድ መልስ እንደተቆረጠ ዛፍ ወንበራቸው ላይ ይዘረራሉ። ቶርስተንና ሽማግሌው አንድም ቀን ቃል ሲለዋወጡ አላየችም።

የማይተዋወቁ ሰዎች ከሆኑ፣ ለምን ከእሳቸው ላይ ዓይኑን አይነቅልም? ሌሊት አልጋዋ ላይ ይህን ስታስብ ደብዳቤዎቹ ትራሷ ሥር ነበሩ። ለመጀመሪያ ጊዜ ቆረቆሯት።

*

በዚያ ሐሙስ ከኦላንድ ሲመለሱ ባሕሩ ተቆጣ። መርከቧ ስትንገዳገድ የሰከረውና ያልሰከረው እኩል ተንገዳገደ። የስፌት ማኅበሯ ሊቀ መንበር መታጠቢያ ቤቱን ተቆጣጥራ አልወጣም ብላለች። ወለሉ በቢራና በሌላም ነገር ረጥቧል። አይላ መወልወያ ይዛ ምሰሶውን ስትዞር አየችው።

ቶርስተን ከሽማግሌው አጠገብ ተንበርክኮ ነበር። ሽማግሌው አገጫቸው ደረታቸው ላይ ወድቆ ያንኮራፋሉ። ቶርስተን ግራና ቀኙን አየ። እጁን በካፖርታቸው የውስጥ ኪስ አስገባ። የሚያብለጨልጭ ነገር አወጣና ኪሱ ከተተ።

ቀና ሲል ዓይን ለዓይን ተጋጠሙ። ፊቱ አመድ መሰለ። ጭንቅላቱን በጣም በቀስታ ነቀነቀ፦ አደራሽን፣ አትናገሪ።

ያ ልመና ነው ጨርሶ የገደላት። ንፁሕ ሰው ምን ያስለምነዋል? ሦስት ወር ሙሉ ያነበበችው ፍቅር፣ ያመለጠው ፀጉሯ፣ «አንቺ» የሚለው ቃል ሁሉ እንዳትናገር የተሰጣት ጉቦ መሰላት። መወልወያውን ጥላ፣ ኩስታን ፍለጋ ስትሮጥ እያለቀሰች እንደሆነ አላወቀችም።

*

ኩስታ የቶርስተንን ክንድ ይዞ ከቡና ቤቱ መሃል አቆመው። አኮርዲዮኑ ቆመ። ሰከሩ የተባሉት ሁሉ ነቁ።

«ሌባ!» አለ አንዱ።

«ቦርሳዬን! ባለፈው ሳምንት ቦርሳዬን የወሰደው ይሄ ነው!»

«ወደ ባሕር ወርውሩት!» ብሎ ጮኸ ፔንቲ፣ ከሁሉም በላይ።

«ኪስህን» አለ ኩስታ።

ቶርስተን ኪሱን ገለበጠ። ጠረጴዛው ላይ የመኪና ቁልፍ ተቀመጠ። ሌላ ምንም አልነበረም።

«የማን ነው?»

ዝም።

«ያንተ ነው?»

«አይደለም።»

«ከሰውየው ኪስ ነው ያወጣኸው?»

«አዎ።»

«ለምን?»

ቶርስተን ወደ ምሰሶው አየ። አይላ መቻል አቃታት። «ተናገር እንጂ!» ብላ ጮኸች። «አንድ ነገር በል! ዋሽ እንኳ!»

ቶርስተን ዞሮ አያት። ዓይኑ ውስጥ ቁጣ ብታይ ይሻላት ነበር። «ቢያንስ አንቺ ትጠይቂኛለሽ ብዬ ነበር» አላት በለሆሳስ።

ያን ጊዜ ከምሰሶው ጀርባ ወንበር ተንሸራተተ። ሽማግሌው ተነስተው ቆሙ። አንድ እጃቸው ምሰሶውን ጨብጧል፣ ኮፍያቸው ወድቋል። ከአኮርዲዮኑ አጠገብ የተቀመጠ የጭነት መኪና ሹፌር ዓይኑን አሸት አሸት አደረገ።

«ቆይ ቆይ... ዳኛው! ዳኛ ሩናር አይደሉም? ሰክረህ ነዳህ ብለው አራት ወር የፈረዱብኝ!» ሳቁ ፈነዳ። «ኧረ ጉድ! ክቡርነትዎ፣ ዛሬ ማን ነው ተከሳሹ?»

ሳቁ እየሰፋ ሄደ። ሽማግሌው እስኪያልፍ ጠበቁት፤ ችሎት ላይ ጫጫታ እስኪበርድ መጠበቅ የለመዱ ሰው ናቸው።

«ልቀቁት» አሉ ምላሳቸው እየተሳሰረ። «ልጄ ነው።»

«አባባ፣ ይተዉት» አለ ቶርስተን። «ይቀመጡ። እባክዎ።»

«አልቀመጥም። ብዙ ተቀመጥኩ።» ወደ ኩስታ ዞሩ። «ሚስቴ ከሞተች በኋላ ነው የጀመርኩት። በከተማ ውስጥ የሚያውቀኝ ሰው እንዳያየኝ እዚህ እመጣለሁ። በግንቦት ከወደቡ ሰክሬ እየነዳሁ ወጣሁ። አንዲት ልጅ ብስክሌት ላይ ነበረች...» እጃቸውን ዘርግተው ርቀቱን አሳዩ፤ አንድ ክንድ አይሞላም። «ይሄን ያህል። ይሄን ያህል ነው የሳትኳት። ፍሬን ስይዝ ልጄ ከኋላዬ ቆሞ ነበር፤ እንዳየኝ ያወቅኩ አልመሰለውም። ከዚያ ወዲህ ሐሙስ ሐሙስ ሥራውን ትቶ ይከተለኛል። ሳልነቃ ቁልፌን ይወስዳል፣ በታክሲ እሄዳለሁ። አርብ ጠዋት ቁልፉ ቤቴ ጠረጴዛ ላይ ይጠብቀኛል።»

«ያውቁ ነበር?» አለ ቶርስተን። ድምፁ የልጅ ድምፅ ሆነ። «አባባ፣ ያውቁ ነበር?»

«ከመጀመሪያው ሐሙስ ጀምሮ። ተኝቻለሁ መሰለህ? ሁሌ አልተኛም። እጅህ ኪሴ ሲገባ ዓይኔን ጨፍኜ እጠብቀዋለሁ። ከነቃሁ መነጋገር ሊኖርብን ነው። እኔ ደግሞ ሰው ስንቱን ስጠይቅ ኖሬ፣ ልጄ እንዳይጠይቀኝ ፈራሁ።»

ማንም አልሳቀም። የጭነት መኪናው ሹፌር ኮፍያቸውን ከወለሉ አንስቶ፣ በእጅጌው ጠርጎ ሰጣቸው። ኩስታ የቶርስተንን ክንድ ለቀቀ። አባትና ልጅ እዚያው የረጠበው ወለል ላይ ተቃቅፈው ቆሙ። አይላ ደግሞ አምስት እርምጃ ርቃ፣ እጇን ምን እንደምታደርገው እንኳ ጠፋት።

*

መርከቧ ወደብ ከመድረሷ በፊት የውጪው በረንዳ ላይ አገኘችው። ነፋሱ ይጋረፋል።

«ይቅርታ አድርግልኝ» አለችው። «ሌላ ምን እንደምል አላውቅም።»

«አትወቀሺም። የሚታየውን ነው ያየሽው።»

«እንደሱ አትበለኝ! ስደበኝ ይሻለኛል።»

«ልሰድብሽ?» የብረቱን ድጋፍ በሁለት እጁ ጨበጠ። «እሺ። ያን ሁሉ ደብዳቤ የጻፍኩልሽ ሰው ነበርኩ አይላ! ሦስት እርምጃ ነበር በመካከላችን። መጥተሽ ‹ምን እያደረግህ ነው› አትይኝም? አባቴ ሰው ፊት ተዋረደ። ሃምሳ ሰካራም ፊት!»

«አንተስ ለምን አልነገርከኝም?» እንባዋ ከነፋሱ ጋር ወደ ጎን ፈሰሰ። «ስም የለህ፣ ቤት የለህ፣ እሁድ የለህ! ምን ላስብ?»

«‹ወዳጁንም፣ ዘመዱንም› ብለሽ ጻፍሽልኝ። ረሳሽው? ሰካራም አባት አለኝ ብዬ የት ልጻፈው? እሁድ አባቴን የምጠብቅበት ቀን ነው ብዬ? ትሄጃለሽ ብዬ ጠረጠርኩሽ። እንግዲህ ሁለታችንም ተጠራጠርን። ልዩነቱ፣ እኔ ጠርጥሬ ዝም አልኩ፤ አንቺ ጠርጥረሽ አሳልፈሽ ሰጠሽኝ።»

መርከቧ ወደቡን ስትነካ ሁለቱ ወንዶች ተደጋግፈው በመውረጃው ወረዱ። ቶርስተን ወደ ኋላ አልዞረም። አይላ ሰው እየገፋት፣ ሰው እየዘፈነባት ቆመች። አራት ዓመት ስትሠራ መርከቧ እንደዚያ ቀን ባዶ ሆናባት አታውቅም።

*

በሳምንቱ ኩስታ እውነተኛውን ሌባ ያዘ፤ ፔንቲን። ጠረጴዛ ላይ የሚወጣው፣ ሰው አቅፎ የሚያለቅሰው ፔንቲ ጠብታ አልኮል አይቀምስም ነበር። ብርጭቆው ውስጥ የነበረው ውኃ ነው። ማይሬ ዜናውን ስትነግራት አይላ ወንበር ፈልጋ ተቀመጠች። ሰካራም የመሰላትን አመነችው፤ ያመናትን ጠረጠረችው።

ማክሰኞ ደብዳቤ አልመጣም። በሚቀጥለውም አልመጣም። በሦስተኛው ማክሰኞ ራሷ ጻፈች። ይቅርታ አልለመነችም። ለማንም ያልተናገረችውን ነገር ነው የጻፈችው።

«አሥራ አራት ዓመቴ ነበር። ጥር ወር ነው። አባቴ ሰክሮ መጥቶ በር አንኳኳ። እናቴ ሥራ ላይ ነበረች። ስሜን እየጠራ ‹ብርዱ ገደለኝ› ሲል ሰማሁት። ስንቴ ዋሽቶኛል ብዬ አልከፈትኩለትም። ወደ ጎረቤት ይሄዳል ብዬ ነበር። አልሄደም። አንተ የአባትህን ቁልፍ ስታወጣ ያየሁህ ቀን ሌባ ስላየሁ ብቻ አይደለም የሮጥኩት። ሰው ከሰካራም አጠገብ በፍቅር ሊንበረከክ እንደሚችል ማመን አልፈለግሁም። ያን ካመንኩ፣ ያን በር መክፈት እችል ነበር ማለት ነው።»

መልስ ጠበቀች። ሁለት ሳምንት አለፈ። በኅዳር መጨረሻ፣ የመጀመሪያው በረዶ የወረደ እሁድ፣ ካፖርቷን ደርባ በእግሯ ከወንዙ ዳር ወዳለው ቢጫ የእንጨት ቤት ሄደች። የዳኛ ሩናርን ቤት ከተማው ሁሉ ያውቀዋል። በሩን የከፈቱት እሳቸው ናቸው። ተላጭተዋል። እጃቸው ይንቀጠቀጣል።

«የመርከቧ ልጅ» አሉ።

«ይቅርታ ልጠይቅዎ ነው የመጣሁት። እኔ ነኝ ለጥበቃው የነገርኩት።»

«አውቃለሁ።» በሩን ሰፋ አድርገው ከፈቱት። «ከዚያ ቀን ወዲህ ጠብታ አልቀመስኩም ብዬ ብነግርሽ ደስ ይለኝ ነበር። ግን ባለፈው ረቡዕ ጠጥቻለሁ። ሐሙስም። ከዚያ ወዲህ ግን አልጠጣሁም። ዛሬ አልጠጣሁም።»

አይላ ልጅነቷን በሙሉ የጠበቀችው ይሄን ነበር። መጠጡን እንዲተዉ እንኳ አልነበረም፤ አንድ ሰካራም ዓይኗን እያየ እውነቱን እንዲነግራት ነበር። ጉንጯ ላይ የሚወርደውን አልጠረገችውም፤ ሽማግሌውም እንዳላዩ አልሆኑም።

«ቶርስተን!» ብለው ወደ ውስጥ ተጣሩ። «ደብዳቤውን መመለስ አቅቶህ ቤቱን ስትዞረው ከርመሃል። ይኸው፣ በቃልህ መልስላት።»

ደረጃው ላይ ብቅ አለ። ከስቷል። ታችኛው ደረጃ ላይ ሲደርስ ቆመ።

«አሥር ጊዜ ጀመርኩት» አለ። «አሥር ጊዜ ቀደድኩት።»

«ምን ብለህ ነበር?»

«የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ነበርሽ ብዬ። ሕፃን ነበርሽ አይላ። ማንም እንደሱ ብሎሽ አያውቅም?»

ማንም ብሏት አያውቅም። የበሩን መቃን ያዘች። እሱም እጇን ያዘ።

«ገና አላምንሽም» አላት በሹክሹክታ። «እውነቱን ልንገርሽ ብዬ ነው።»

«እኔም ገና እፈራለሁ።»

«እሺ» አለ፣ እጇን ግን አልለቀቀም።

ሽማግሌው ወደ ወጥ ቤት ገብተው ሳህን ሲደረድሩ ይሰማል፤ ሳህኑ ከሳህን ይጋጫል። አይላ በረዶውን ከትከሻዋ አራገፈች። እንደፈራች ነበር የገባችው። ፍርሃቷ ግን በዚያን ቀን፣ ከዓመታት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ብቻውን አልነበረም።